የግራ ትከሻ

«አንዲት ጠብታ እንባ እንኳ አልወጣትም እኮ» አለች ጎረቤቲቱ፣ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏት።

አክስቲቱ ቡና እያቀበለቻት «ዝም በይ፣ ትሰማሻለች» አለቻት።

ልጅቱ ሰምታለች። አባቷ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ከየቤቱ በውሰት የመጡ ወንበሮች ሳሎኑን ሞልተውታል፣ የሚመጣው ሰው ሁሉ ያንኑ ይደግማል። ሰዓት ሲጠግን እጁ አይንቀጠቀጥም ነበር፣ እጁ ልዩ ነበር። እሷ ግን የምታስታውሰው አፉን ነው።

ታላቅ ወንድሟ ጆሮዋ ላይ ጎንበስ አለ። «መነጽር የምንለው ሰውዬ መጥቷል፣ ከአባዬ ጋር የፕላስቲክ ሞዴል የሚሠራው ጓደኛው። አባዬ የሠራውን ግዙፍ ለመታሰቢያ ኤግዚቢሽናቸው እሰጣችኋለሁ ብዬዋለሁ። የሥራ ክፍሉን ክፈቺለት።»

«እዚያ ክፍል አልገባም።»

«አሁንም? አባዬ ሞቷል እኮ!»

ከፈተችለት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልረገጠችው ክፍል አሁንም ቀለምና ሙጫ ይሸታል። የፕላስቲኩ ግዙፍ ሰው ጠረጴዛው ላይ ቆሟል፤ ቁመቱ የሻይ ፔርሙስ ያክላል፣ በቀኝ እጁ መዶሻ ይዟል፣ ግራ ክንዱ የለም።

ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ክንዶቹ እንዲቀያየሩ፣ አንዴ ጋሻ አንዴ ችቦ እንዲይዝ፣ ትከሻውና ክንዱ ውስጥ የምስር ፍሬ የምታክል ማግኔት ይቀበራል። ቀኙን አባቷ ሠራ፣ ግራውን ለእሷ ሰጣት። «አውራ ጣትሽን ጫን አድርገሽ እስከ ስድሳ ቁጠሪ» አላት። ቆጠረች። ግን የትከሻውን ማግኔት ገልብጣ ነበር ያጣበቀችው፤ ክንዱን ሲያስጠጉት እየተገፋ ሸሸ። ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

«እጅሽ የነካው ነገር አይቃናም። ውጪልኝ!»

ወጣች፣ መልሶም አልጠራትም። ዛሬ ሥራዋ መሥሪያ ቤት ስልክ ማንሳት ነው። ቁልፍ ሲበጠስባት እንኳ ለልብስ ሰፊ ትሰጣለች። ልትጠይቀው ስትመጣም ከ«ደህና ነሽ?» አላልፍ አለ። ያቺን «አይቃናም» ያላትን ቃል ሳያነሳላት ሞተ፤ አሁን የሚያንገበግባት ይኸው ነው።

መነጽር ከኮቱ ኪስ በጨርቅ የተጠቀለለ ክንድ አወጣ። «ለመታሰቢያው የሠራሁት ነው።» ትከሻው ላይ አስጠጋው። ክንዱ ሸሸ። ደግሞ ሞከረ።

«ረስቼው! የአባትሽ ነገር እኮ ነው። የግራ ማግኔቱ የተገለበጠ ነው። ስንት ጊዜ 'አውጥተህ አዙረው፣ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው' አልኩት።»

«ምን ብሎ መለሰልዎት?»

«'አይነካም!' አለኝ። የክንዶቹን ማግኔት ሁሉ በዚያው ልክ ገልብጦ ነው የሚሠራው። ማን እንዳበላሸው ስጠይቀው 'ሥራህን ሥራ' አለኝ።»

መሳቢያውን ሳበ። አሥራ አንድ ግራ ክንድ ጥጥ ላይ ተኝቷል። ጋሻ የያዘ፣ ችቦ የያዘ፣ ገመድ የጠቀለለ፣ ቡጢ የጨበጠ። አንዱን አንስታ አስጠጋች። ጠቅ። ሌላውን። ጠቅ። ሁሉም ገጠሙ።

ደስ አላላትም። ንዴት ነው የመጣባት። አሥራ አንድ ክንድ! ይህን ሁሉ ከሚለፋ አንድ ቀን «ነይ» ቢላት ምን ነበረበት? ለፕላስቲክ ትከሻ የራራ ሰው ለገዛ ልጁ አንዲት ቃል ነፈገ። ይህን ያህል ዓመት እጇን እንደ ሌባ ደብቃ ኖራለች።

«እግዜር ይይልህ!» አለች ጮክ ብላ።

መነጽር ደነገጠ። «እኔን?»

«ኧረ እርስዎን አይደለም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው… ማግኔቱን ላዙረውና ግዙፉን ልውሰደው?»

«አይነካም። የትም አይሄድም።»

ሰውየው ክንዱን መልሶ ጠቀለለና ቀስ ብሎ ወጣ።

ያን ጊዜ መብራቱ ሥር አሥራ ሁለተኛውን አየች፤ መዳፉን የዘረጋ፣ ቀለም ያልተቀባ ክንድ። ቀዳዳው ተሰርስሯል። ማግኔቷ አጠገቡ ወረቀት ላይ ተቀምጣለች። አባቷ አልደረሰባትም።

ማግኔቷን ትከሻው ላይ አስጠግታ የምትሳብበትን ጎን ለየች፣ ወደ ውስጥ በሚገባው ጎን ቀይ ነጥብ አደረገችባት። እጇን አላመነችውምና ሦስት ጊዜ አረጋገጠች። ሙጫ ጠብ አድርጋ ማግኔቷን ቀዳዳው ውስጥ አስገባች፣ በአውራ ጣቷ ጫነቻት።

«እንግዳ መጥቷል፣ ነይ እንጂ!» አለች አክስቷ ከሳሎን።

«መጣሁ።»

ቆጠረች። ስድሳ ላይ ስትደርስ ጣቷን አላነሳችም። ከአንድ ጀመረች።