ፍም የገባበት የዶሮ ቤት

ሰኔ የብርድ ወር በሆነበት በምድር ደቡብ ጫፍ፣ በሎንኪማይ ተራሮች በረዶ አጥሩን ሲውጥ፣ ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ለበጎቹ ነው። ዶሚቲላ የምትጨነቀው ለዶሮዎቿ ነበር። ጭራ የሌላቸው፣ ሰማያዊ እንቁላል የሚጥሉ፣ ከእናቷ የወረሰቻቸው ናቸው። በዚያ ሸለቆ እንዲህ ያለ ዶሮ አይሸጥም፣ ይሰጣል። የሰጠ ሰው የራሱ ያለቀበት እንደሆነ፣ ከሰጣቸው ቤቶች ዘሩን መልሶ ያመጣል። እናቷ ለስንቱ ቤት ሰጥታ ነበር። ግን አንዱ ከከተማ ከመጣ ነጭ ዶሮ ጋር አዳቀለው፣ ሌላው አገሩን ለቆ ሄደ፣ የዶሚቲላ ሟች ባል ወንድም ሄናሮ ደግሞ የመጨረሻዎቹን ለድግስ አረዳቸው። አሁን የቀሩት የእሷ አንድ አውራና አራት እንስቶች ብቻ ነበሩ።

ሄናሮ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንጨት ተሸክሞላት መጣ። የአውራውን አናት አየ፤ ቀዩ ሥጋ ጫፉ ላይ በውርጭ ነጥቷል። ከጣሪያው ሥር ያለውን ክፍተት እንዳትደፍነው አስጠነቀቃት። ዶሮ ደረቅ ብርድ ትችላለች፣ የሚጎዳት የታፈነ ቤት ነው አላት።

«የራስህን በልተህ ጨርሰህ፣ የዶሮ መምህር ሆንክብኝ?»

«እኔ ሆድ የገቡትንማ አልበረዳቸውም፣ እቴ።»

ሳቀች። ምክሩንም ከሳቁ ጋር ጣለችው።

እሱ ሲሄድ ነፋሱ በረታ። የእናቷ ቤት ትዝ አላት። ጣሪያው ሣር፣ ምድጃው መሃል ላይ፣ እሳቱ ዓመቱን ሙሉ የማይጠፋ። ዶሮዎቹ ከሰው ጋር እዚያው ያድሩ ነበር፤ አንዲት እንኳ በብርድ ሞታ አታውቅም። ዶሚቲላ ተነሳች። የዶሮ ቤቱን ጣውላ ስንጥቅ፣ ከጣሪያው ሥር ያለውንም ክፍተት ሁሉ በጆንያና በገለባ ወተፈች። በቆርቆሮ ጣሪያው ላይ ላስቲክ ጎትታ በድንጋይ ተጫነችው። ከዚያ በአሮጌ ድስት ፍም አምጥታ፣ አመድ አልብሳ፣ መሃል ላይ አስቀመጠችላቸው። በሩን ስትዘጋም አማተበች።

ሁሉንም አስታውሳ ነበር፤ እሳቱን፣ ገለባውን፣ ቆጡን። የረሳችው ሣሩን ነው። ጭሱን በየመሃሉ አሾልኮ የሚያስወጣው ሣሩ ነበር። ያንን ማንም አስቦ ሠርቶት ስለማያውቅ፣ ማንም አላስተማራትም።

ጠዋት በሩን ስትከፍት ሙቀቱ ፊቷን ዳሰሳት። የሚጠጡት ውሃ አልረጋም። ዶሮዎቹ ገለባው ላይ ተኝተዋል፣ የአውራው አናትም እንደ በርበሬ ቀልቷል። ተመስገን፣ ዳኑልኝ አለች በልቧ። አንዷን ስታነሳት አንገቷ ዞሮ ወደቀ። ሌሎቹም እንደዚያው ነበሩ፤ ሌሊቱን የፍሙ ጭስ አፍኗቸዋል።

ሄናሮ ሲደርስ እዚያው ገለባው ላይ ተቀምጣ አገኛት። ድስቱን አየ። ነግሬሽ ነበር አላላትም፤ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። እሷ እናቷ ዘር የሰጠቻቸውን ቤቶች ስም መጥራት ጀመረች፤ ምናልባት እነ እገሌ ጋ፣ ምናልባት ከወንዙ ማዶ ካሉት። እሱ እያንዳንዱን ሰምቶ የለም በማለት ራሱን ይነቀንቃል። ስሙ ሁሉ ሲያልቅ የቀረው የእሱ ነበር። እሱን አልጠራችውም።

«ካረድኳቸው ቢያንስ ሁለቱን ማቆየት ነበረብኝ» አለ ሄናሮ።

ጎንበስ ብሎ ጥጉ ላይ ያለውን ገለባ ሲገላልጥ አንድ ሰማያዊ እንቁላል አገኘ። ለብ ያለ ነው፤ ሙቀቱ ግን የፍሙ እንጂ የእናቱ አልነበረም። ተቀበለችውና በመዳፏ ይዛ ቆየች።

«ማን ይታቀፍልኛል?»

በዚህ ብርድ የምትታቀፍ ዶሮ የለችም፤ ከከተማ የመጡት ነጮቹማ መታቀፍ የሚባለውን ጭራሽ አያውቁም። ብርዱ እስኪያልፍ ደግሞ እንቁላል አይጠብቅም።

ቤት ገብታ ውሃ ጣደች። ሲበስል ላጠችው፣ በቢላ ለሁለት ከፈለችው፣ ግማሹን ለሄናሮ አቀረበች። እንደ ልማዷ ማዕዱን ልትባርክ ጀመረች። «ስለ ሰጠኸን» ብላ አቋረጠች። ሄናሮ ቀሪውን ጨረሰላት። አሜን አለች፤ ጨው ነስንሰው በሉት።