ያልተሳካልኝ ክፍለ ጊዜ

«ጠመኔ ጨራሽ ነኝ» አለ በሩ ላይ የቆመው ግዙፍ ሰው።

የሟቿ ልጅ አጎት ግራ ገባው። «ምን አልክ ወንድሜ?»

«ቲቸር ኢንተርኔት ላይ በከፈተችው ገጽ ስሜ እንደዚያ ነው። ቲቸርን የማውቃት በዚያው ነው። ትናንት ሳትጽፍ ስትቀር ትምህርት ቤቷ ደወልን።»

ከኋላው አንዲት መነጽራም ሴት ቆማለች። ሁለቱም አስተማሪዎች ናቸው፤ አራት ዓመት ሲጻጻፉ ኖረው በአካል የተያዩት አሁን፣ እዚህ በር ላይ ነው። ገብተው ግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

ልጅቷ ከሶፋው ሳትነሳ እጅ ነሳቻቸው። እናቷ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ እንግዳ ሰልችቷታል።

«የሟች ስልክ ቀኑን ሙሉ ሲንጫጫ ያስጠላል» አላት አጎቷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ። «ማረፏን ጻፊና ገጹን ዝጊው።»

«እዘጋዋለሁ አልኩ እኮ ጋሼ!»

ከጠዋት ጀምሮ በእናቷ ስልክ «በከባድ ሐዘን» ብላ ትጽፋለች፤ ታጠፋዋለች። ገጹን አራት ሺህ መምህራን ይከታተሉታል። የስምንተኛ ክፍል የሒሳብ አስተማሪ የነበረችው እናቷ በየማክሰኞው ያልተሳካላትን ክፍለ ጊዜ ትጽፍበት ነበር። «ክፍልፋይ አስተማርኩ። ከአርባ ሁለት ልጅ የገባው ለአራቱ ነው። የት ጋ ሳትኩ?» ሌሎቹ ያርሟታል፤ አከታትለውም የየራሳቸውን ጉድ ይዘረግፋሉ።

ልጅቷም ኮሌጅ ታስተምራለች። የእሷ ገጽ ግን የምስክር ወረቀትና የስብሰባ ፎቶ ብቻ ነው፤ የተሻለ ሥራ የሚገኘው በዚያ ነዋ። አንድ ቀን አለቃዋ የእናቷን ጽሑፍ እያሳየ ሲስቅባት በቀጥታ እናቷ ቤት ሄደች።

«አጥፊው! ሰው ድክመቱን አደባባይ ላይ ያሰጣል? እኔንም እኮ ነው የምታሰድቢኝ!»

እናቷ ደብተር እያረመች ነበር። «እሺ፣ ልጄ መሆንሽን መቼም አልጽፍም» አለቻት ቀና ሳትል። ቃሏን ጠበቀች።

«ልጅ እንዳላት እንኳ ዛሬ ነው የሰማሁት» አለች አሁን አግዳሚው ላይ የተቀመጠችው መነጽራም በሹክሹክታ። «እኔ መልቀቂያ ጽፌ ነበር። ያንን የክፍልፋዩን አንብቤ ቀደድኩት።»

«እኔ ደግሞ ስድስቴ አርሜያታለሁ» አለ ጠመኔ ጨራሽ። «ስድስተኛው ላይ ትክክሏ እሷ ነበረች። ነገ እነግራታለሁ እያልኩ…»

ስልኩ ጮኸ። አንዲት አዲስ አስተማሪ ገጹ ላይ ጽፋለች። «ቲቸር፣ ዛሬ ልጆቹ ሳቁብኝ። እዚያው ፊታቸው አለቀስኩ። ነገ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?»

ልጅቷ መልእክቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ገጹ ላይ ሳታቆም ጻፈች፦

«ልጇ ነኝ። እናቴ እሑድ አረፈች። እኔም አስተማሪ ነኝ። ባለፈው ወር አንድ ተማሪ የማላውቀውን ጠየቀኝ። ደፈረኝ ብዬ ከክፍል አስወጣሁት። እስካሁን ይቅርታ አልጠየቅሁትም። አንቺ ዛሬ ልጆቹ ፊት ያለቀስሽው፣ ነገም እዚያው ክፍል ግቢ።»

ላከችው።

«ዘጋሽው?» አለ አጎቷ።

«አልዘጋሁትም ጋሼ።»

አግዳሚው ላይ ሁለት ስልኮች ነዘሩ። መነጽራሟ አነበበች። ቦርሳዋን አንስታ ወደ ጠመኔ ጨራሽ ጠጋ አለች። ልጅቷ ከቤተሰቡ ሶፋ ተነሥታ በተለቀቀላት ቦታ፣ በሁለቱ እንግዶች አጠገብ ተቀመጠች።