የቅዳሜ ልጆች

ቅዳሜ ሲደርስ ወገቤ ቀድሞ ያውቃል። የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር፣ «ጓድ ስንቅነሽ፣ እርስዎ ባለሙያ ነዎት፤ የአዳሪ ትምህርት ቤቱን ልጃገረዶች የመሶብ ስፌት ያስተምሩልን፤ ምሳም እርስዎ ዘንድ ይብሉ» ካለችኝ ወዲህ ስድስት ኮረዳ ቤቴን ይሞሉታል። በዚያ ዘመን እምቢ ይባላል እንዴ? እሺ አልኩ።

አክርማቸውን በውሃ አርሰው፣ ወስፌ ይዘው ዙሪያዬን ይቀመጣሉ። አንዷ ታጠብቀዋለች፣ አንዷ ታላላዋለች፣ ሁሉም ያወራሉ። እኔ የተበላሸውን እፈታለሁ፣ ወጤን አማስላለሁ፣ እቆጣለሁ። ልጄ ኃይሉ ኤርትራ ዘምቶ ከቀረ ወዲህ የምሻው ቤቴ ጭር እንዲልልኝ ነበር። ደክሞኛል፤ ተኝቼ የሚለቀኝ ድካም ደግሞ አይደለም። በዚያ የጥር ቅዳሜ፣ «ይብቃኝ፣ ሌላ ሴት ፈልጉ» ልል ቆርጬ ነበር።

ገበታ ከበን ሳለን የያርጋል አባት አቶ ደምለው ከአገራቸው ከአምባራስ ደረሱ። ያርጋል ከስድስቱ አንዷ ናት፤ ሰባተኛ ክፍል፣ ዝምተኛ። አባቷ በቅል ማር ይዘውልኝ መጥተዋል።

«ልጄን ስላበሉልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ልወስዳት ነው። በሚመጣው ሳምንት ትዳራለች» አሉ።

የልጆቹ እጅ ገበታው ላይ ቀረ። ያርጋል ወደ እኔ ዞረች። «እትዬ፣ ይንገሩልኝ!» አለችኝ።

«ትምህርቷስ፣ አቶ ደምለው?»

«ማንበብ ከቻለች ምን ቀራት? ቃል ገብቻለሁ። ደግሞስ እርስዎ ምኗ ነዎት?»

እውነታቸውን ነው፤ ምኗ ነኝ? አፈርኩ፤ ግን ምን ልዋሽ፣ ቀለልም አለኝ። ይውሰዷት፣ አንድ ሸክም ይቀንስልኛል አልኩ በሆዴ።

ያርጋል ብድግ ብላ ቅሉን ከፈተች፤ አውራ ጣቴን ይዛ ወደ ማሩ ጎተተችው። አገሩ ያውቀዋል፤ ሰው ፊት ማር የነካ ጣት የጠባ ሰው የጡት ልጅ ይሆናል። ያጠባችው እናቱ ናት፤ ሳትጠየቅ ልጅ አይዳርባትም።

«ተይ አንቺ!» ብለው አባቷ ተነሡ።

እጄን ብሰበስብ ነገሩ ያበቃል። አየኋት፤ አፏን ከፍታ እንደ ጫጩት ትጠብቃለች። ኧረ አንቺ ልጅ፣ በቁሜ ገደልሽኝ! ጣቴን ራሴ ነክሬ አፏ ውስጥ ከተትኩት። ልጆቹ እልልታውን አቀለጡት።

«እንግዲህ እናቷ ነኝ» አልኩ። «ይጠይቁኝና ልመልስልዎ፤ አልድርም።»

ሰውየው ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ በሩ አመሩ። «ወይ ጉድ፣ ማሬን ተሸክሜ መጥቼ ልጄን ተቀማሁ!» አሉ። ከበሩ ሲደርሱ ዞር ብለው፣ «ብትታመምም ብትጠፋም ከእጅዎ ነው የምፈልጋት» አሉኝ።

«ከእጄ ይፈልጓት።»

ወደ ማምሻው ልጆቹ ወደ አዳሪ ቤታቸው ሲወርዱ ደጃፌ ቆሜ በዓይኔ ሸኘኋቸው። ወታደር የጫነ መኪና አጠገባቸው ሲያልፍ፣ «ያርጋል! ዳር ዳሩን ሂጂ!» ብዬ ጮህኩ። ኃይሉ ከቀረ ወዲህ ዕረፍቴ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የምፈራለት ሰው አለመኖሩ። አሁን ያም ዕረፍት ቀረ።