የነፍስ አባቷ ዶሮዎች

ሰባት ዓመት ሙሉ የባንቺዓለም ቂም በቄስ ተክለ ሚካኤል ዶሮዎች ላይ ነበር። ክፋቱ፣ ቄሱ የነፍስ አባቷ ናቸው። በጎረቤት ዶሮ የተቃጠለ ሰው ባለዶሮውን ይሰድባል፣ ወይ ሽማግሌ ይልካል፤ እሷ ግን ቁጣዋን የምትናዘዘው ለባለዶሮው ለራሳቸው ነው። አንድ ጊዜ ደፍራ ነገረቻቸው። «ዶሮ ምን ታውቃለች፤ የምታውቂው አንቺ ነሽ፣ ልጄ» ብለው አርባ ስግደት አዘዙባት። እሷ ቤተ ክርስቲያን ስትሰግድ ዶሮዎቹ ሣሩን ሲጭሩ ዋሉ።

ሣሩ ከቄሱ ቤት ቁልቁል ያለው የሆቴል ግቢ ሣር ነው። ዘበኛው ባሏ ሲሞት የበሩን ክፍል ያተረፈላት ይኸው ሣር ነው። ባለቤቱ አቶ ሙሉሃብት «ሣሩ እስካለ አንቺም አለሽ» ብሏት አዲስ አበባ ተቀመጠ። ጦርነቱ እንግዳውን አጠፋ፤ የሽቦውን አጥርም ማን ነቅሎ እንደወሰደው አልታወቀም። ሣሩን ግን ባንቺዓለም አላስነካችም። ሰርዶ በጣቷ እየተከለች፣ ከቦኖ በጀሪካን ውሃ እየተሸከመች በበጋም አረንጓዴ አድርጋ አቆየችው። ዳር ዳሩን እሾህ አጠረችበት። እሾህ ከብት ይመልሳል እንጂ ዶሮ አይመልስም።

በዐቢይ ጾም አጋማሽ፣ አንድ ማለዳ ከኪዳን ስትመለስ፣ ትናንት የተከለችው ሰርዶ ሥሩ ወደ ላይ ተገልብጦ ጠበቃት። ቀዩ አውራ ዶሮ አፈሩን እየበተነ ሴቶቹን ይጠራል። አቶ ሙሉሃብት ዛሬ ይመጣል።

ወደ ቄሱ ቤት ወጣች። ቄሱ የሉም፤ ሚስታቸው ስሜነሽ ደጅ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ።

«እትዬ ስሜነሽ፣ ዛሬን ብቻ ይዝጉልኝ። ባለቤቱ ይመጣል።»

«ዶሮ ምን አጥፍታ ትታሰራለች?» ስሜነሽ ከሰፌዱ ቀና አላሉም።

«አንድ ቀን ነው።»

«ላም የለሽ፣ በግ የለሽ። ማን ይበላልሽ ብለሽ ነው ሣር እንደ ልጅ የምታሳድጊ?»

ባንቺዓለም ልጅ የላትም። ስሜነሽም ያውቃሉ። ቁልቁለቱን ወረደች።

የተገለበጠውን መልሳ ቀበረች፤ አጠጣች፤ ዱላ ይዛ ቆመች። በአንዱ ማዕዘን ስታባርር በሌላው ይገባሉ። አቶ ሙሉሃብት ሲደርስ የተላጠውን መሬት በጫማው ጫፍ ነካ አደረገው። አልተቆጣም። ቢቆጣ ትመልስለት ነበር።

«ግቢውን ለእህል መጋዘን የሚፈልገው ሰው አለ» አለ። «እስከ ፋሲካ ክፍሉን ልቀቂልኝ።»

«ዝናብ ሲጥል ሣሩ ይመለሳል እኮ።»

«አውቃለሁ። ደክመሻል።»

መኪናው ሄደ። ባንቺዓለም ነጠላዋን አውራ ዶሮው ላይ ጣለችና ያዘችው። ቢላዋን ከክፍሏ አመጣች።

በአገሩ ሴት ልጅ ዶሮ አታርድም። ወንድ ከቤት ከጠፋ ቢላ ይዛ መንገድ ዳር ትቆምና አላፊውን ትለምናለች፤ ሴት ያረደችውን የሚቀምስ የለም። እሷም በልማድ በሩ ላይ ቆመች። ሁለት ዲያቆናት መጡ፤ በጾም ዶሮና ቢላ ይዛ ሲያዩዋት አንገታቸውን ደፍተው አለፉ። ሌላ አላፊ አልመጣም። ከዚያ ተመልሳ ሣሩ ላይ ተንበረከከች፣ ክንፉን በጉልበቷ ተጫነች፣ «በስመ አብ» አለችና አረደችው።

ቄስ ተክለ ሚካኤል ከቅዳሴ ሲመለሱ ደጃቸው ላይ አገኟት። ዶሮውን እግራቸው ሥር አኖረችው።

«ማን አረደው?»

«እኔ።»

«በጾም?»

«በጾም፣ አባ። ልናዘዝ አልመጣሁም። ከዛሬ ጀምሮ የነፍስ አባቴ አይደሉም።»

ቄሱ እጃቸው ለምዶ መስቀላቸውን አወጡ፤ ካወጡት በኋላ ምን እንደሚያደርጉበት ጠፋቸው። ባንቺዓለም አልተሳለመችም። ከቁልቁለቱ በታች፣ ሴቶቹ ዶሮዎች አንድ በአንድ እየሾለኩ ወደ ሣሩ ሲገቡ ቆማ አየች። «እሽ» ብላ አላባረረቻቸውም።