አራት ረድፍ ብሎኬት

ተቆጣጣሪዋ የሜትሩን ጫፍ ከግንቡ ሥር በጫማዋ ረግጣ ወደ ላይ ሳበችና ቁጥሩን ጮክ ብላ አነበበች።

"ሁለት ሜትር።"

"ከውስጥ ቢለካ እኮ አንድ ከስድሳ ነው" አለ ግንበኛው። "በግቢው በኩል አፈር ሞልተንበታል።"

"የሚለካው ከሐይቁ በኩል ነው። ከውሃው እስከ ሠላሳ ሜትር ባለው ቦታ የመኖሪያ ቤት ግንብ ከአንድ ሜትር ከሃያ አይበልጥም። ከኋላ ያሉት ጎረቤቶችም ሐይቁን የማየት መብት አላቸው።"

ይህንኑ ከጠዋት ጀምሮ በየበሩ ስትለው እንደዋለች ድምፅዋ ያስታውቃል።

"አራት ረድፍ ይፈርሳል ማለት ነው" አለች የቤቱ እመቤት፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች።

"አዎ እማማ። ከዚያ በላይ የሽቦ አጥር ማድረግ ይችላሉ። ወዲያ ማዶ እስካሳየ ድረስ ቁመቱ አይገደብም። ሰው እንዳይዘል ከሆነ ሐሳብዎ፣ ሽቦው ይበቃል።"

"እንዳይዘልማ አይደለም ልጄ። እንዳያይ ነው።"

በአገጯ በረንዳው ላይ የተቀመጠውን ባሏን አመለከተች። ሠላሳ አራት ዓመት የመንገደኛ ጀልባ ነድቷል። ጡረታ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ማስታወስ ተሳነው። ውሃውን ባየ ቁጥር ሥራ የረፈደበት ይመስለዋል። ባለፈው ክረምት ከነጫማው እስከ ደረቱ ገብቶ ተሳፋሪ ሲጠራ ዓሣ አጥማጆች ጎትተው አወጡት። ግንቡ ካለቀ ወዲህ ግን ሰባት ሳምንት ሙሉ ከወንበሩ አልተነሳም። እሷም እንቅልፍ ምን እንደሚመስል አየች።

"ለቢሮው ማመልከቻ ቢያስገቡስ?"

"አስገብቼ ነበር። ለሕመም ተብሎ የተለየ ቁመት የለም አሉኝ።"

"የለም፣ እውነታቸውን ነው።" ተቆጣጣሪዋ ወረቀቱን ግንቡ ላይ አስደግፋ ጻፈች። "እኔ ባልጽፈው ነገ ሌላ ሰው ይልካሉ። አሥር ቀን ሰጥቻለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

እመቤቲቱ ፈረመች። ተቆጣጣሪዋ ስትወጣ ግንበኛው በዓይኑ ሸኛትና "የእሷ የራሷ ቁመት ቢለካ ከደንቡ ያልፋል" አለ።

እመቤቲቱ ሳትፈልግ ሳቀች። "በል መዶሻህን አንሳ።"

"አሥር ቀን አለን እኮ፣ እትዬ።"

"መፍረሱ ላይቀር አሥር ቀን ስፈራ ልሰንብት?"

ሦስተኛው ረድፍ ሲነሳ ውሃው ብልጭ አለ። ሰውዬው ከወንበሩ ተነሣ።

"ስንት ሰዓት ነው?"

"ገና ነው" አለች ሮጣ እጅጌውን እየያዘች።

"አንቺ ሁልጊዜ ገና ነው! ሰው ተሳፍሮ ይጠብቀኛል። በሰው አፍ ልታስገቢኝ ነው?"

ክንዱ ዛሬም ብርቱ ነው፤ ይጎትታታል። ገና ነው፣ ዛሬ እረፍት ነው፣ ጀልባዋ ተበላሽታለች፤ ያላለችው የለም። ጫማውን ደብቃለች፣ በር ቆልፋለች፣ ግንብ አሠርታለች። ትከሻዋ ዛለ። ሳትለቀው ወደ ግንበኛው ዞረች።

"እዚህ ጋ እስከ ታች ድረስ አፍርሰው።"

"እስከ ታች? አንድ ከሃያው እኮ ተፈቅዶልናል።"

"በር አውጣልኝ። ቁልፉ እኔ ጋ ይሆናል።"

ግንበኛው መዶሻውን አስቀምጦ በስንዝር መለካት ጀመረ።

"ሰማንያ ሳንቲም ይበቃዋል፤ አንድ ሰው እንደልቡ ያሳልፋል።"

"አይ" አለች። "ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያሳልፍ አድርገው።"