ገብቶ ያየ ሰው አለ?

“እማ፣ ያልሠራሁትን ሠርቻለሁ ብዬ ብፈርም ምን ይመጣብኛል?”

ልጄ አቢግያ ይህን የጠየቀችኝ በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ሳውዝ ሲ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታችን፣ የሥራ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነው። እኔ ማንበብ ሳልችል በአውራ ጣቴ የፈረምኩት ወረቀት አለ። ሹፌር የነበረው ባሌ ሲሞት የሚነዳው መኪና ባለቤት “ለሐዘንዎ መርጃ ነው” ብሎ አስፈረመኝ፤ ኋላ ሲነበብልኝ ከእሱ ምንም ላልጠይቅ የተስማማሁበት ሆኖ ተገኘ። በዚያ ንዴት ነው በዚህ ዕድሜዬ የጎልማሶች ትምህርት የገባሁት።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። አቢግያ ኢምባካሲ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ መድኃኒት በማቀዝቀዣ ክፍል የሚያቆይ አንድ የካርጎ ድርጅት ውስጥ ኮምፒዩተር ላይ ትሠራ ነበር። ሥራውን ያስገኘላት የክፍሉ ኃላፊ ፍሥሐ ነው። ያገራችን ሰው ነው፣ በእድር አብረን ነን፣ የባሌን አስከሬን ከተሸከሙት አንዱ ነው። ስለዚህ ልጄ “ጋሼ” ብላ ነው የምትጠራው፤ “ነይ” ሲላት ትሄዳለች፣ “አምጪ” ሲላት ታመጣለች።

ድርጅቱ ውስጥ አርባ ዓመት ያለፈው ኮምፒዩተር ነበር። ሚኒ ኮምፒዩተር ይሉታል፤ ሚኒ ይበሉት እንጂ ቁም ሣጥን ያህላል። ከማቀዝቀዣው የሚወጣውን ጭነት የሚለቀው እሱ ነው። በአዲስ ሊተኩት ሲሉ ግን የሚታዘዝበትን ቋንቋ የሚያነብ ሰው ጠፋ። የጻፉት ሰዎች ወይ ጡረታ ወጥተዋል ወይ ሞተዋል።

“አቢዬ፣ አንቺ ወጣት ነሽ፣ ቆፍሪው” አላት ፍሥሐ።

ቆፈረች። ከኢንተርኔት የድሮ ማኑዋል አወረደች። እንዲህ ያሉ ማሽኖችን በየጓዳቸው ከሚያቆዩ የውጭ አገር ሽማግሌዎች ጋር ተጻጻፈች። ትዕዛዞቹን ፕሪንት እያደረገች ቤት ማምጣት ጀመረች።

እኔም ወደድኩት። ሁሉም በትልልቁ የእንግሊዝኛ ፊደል ነው የተጻፈው፤ እኛ ክፍል ደግሞ ገና ትልልቁን ነበር የምንማረው። እያንዳንዱ መስመር በዶላር ምልክት ይጀምራል።

“የገንዘብ ነው እንዴ?” አልኳት።

“አይ እማ፣ ‘ስማኝ፣ ትዕዛዝ ነው’ ማለቱ ነው። ዶላሩ ከሌለ አይሰማም።”

“ታዲያ ከመሥሪያ ቤትሽ ሰዎች በምን ይለያል?”

እስክትደክም ሳቀች። ከዚያ “ኢፍ” የሚለውን በጣቷ አሳየችኝ፣ ቀጥሎ “ዜን” የሚለውን። ይህ ከሆነ፣ ያንን አድርግ። “የዛሬዎቹ ኮምፒዩተሮች ቋንቋ እንደ ጠበቃ ንግግር ነው፣ ይሄ ግን ሰው ቁጭ ብሎ የሚያወራ ይመስላል” ትለኝ ነበር።

አንድ ቀን አንድ መስመር ላይ ጣቷን አሳርፋ አነበበችልኝ። እዚያ ቦታ ላይ ማሽኑ ሥራውን አቁሞ ሰው ይጠይቃል፦ ገብቶ ያየ ሰው አለ? “አዎ” ተብሎ እስኪጻፍለት ድረስ ጭነት አይለቅም፤ ቀኑን ሙሉም ቢሆን ይጠብቃል። ከሥሩ የጻፈው ሰው ለኋለኛ ሰው ቃል ትቷል፦ “ይህን አታውጡ። ቴርሞሜትሩ አንድ ጊዜ ዋሽቶናል።”

ጠዋት ጠዋት ጥያቄው ስክሪኑ ላይ ሲመጣ የማቀዝቀዣው ሠራተኛ ኑሬ ካፖርቱን ለብሶ ይገባል፣ ካርቶኖቹን በእጁ ይዳስሳል፣ ወጥቶ ባገሬው ቋንቋ “ሳዋ!”፣ ደህና ነው፣ ይላል። ያኔ “አዎ” ይጻፋል። ሁሉም የቆየ ልማድ ነው ይሉት ነበር እንጂ ለምን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። ልጄ ሁሉንም ወደ አዲሱ ኮምፒዩተር ስትገለብጥ ይህንንም ጥያቄ እንዳለ አስገባችው።

ፍሥሐ አልወደደውም። “ማሽን ሰውን የሚለምንበት ዘመን አለፈ። ኑሬ ካፖርቱን እስኪቆልፍ መኪናዎቹ ተሰልፈው ይውላሉ። አውጪው” አላት።

“ይቅርታ ጋሼ፣ ይሄንን አላወጣም” አለችው። ስትነግረኝ ደስ አለኝ፤ ፈራሁም።

ቅዳሜ ኪሌሌሽዋ በሚባል ሰፈር ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳለ ስልኳ ጠራ። አጠገቧ ስለነበርኩ የፍሥሐን ድምፅ እሰማለሁ። “አቢዬ፣ አንድ ሪፖርት ላይ ነኝ፣ ፓስወርድሽን ወዲህ በይ።” አዲሱ ኮምፒዩተር ላይ ትዕዛዝ መለወጥ የሚቻለው በእሷ ስም ብቻ ነበር። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ፊደል በፊደል ነገረችው።

“ለምን ሰጠሽው?” አልኳት በጆሮዋ።

“ጋሼ ፍሥሐ እኮ ነው፣ እማ። አባዬን የቀበረ ሰው! እንዴት ብዬ እምቢ እለዋለሁ?”

በሚቀጥለው ሳምንት የቴርሞሜትሩ ቁጥር ልክ በሆነው አራት ዲግሪ ላይ ደርቆ ቀረ። ክፍሉ ግን ሞቋል። ማንም አልተጠየቀም፣ ማንም አልገባም። የስኳር በሽታ መድኃኒቱ፣ ኢንሱሊኑ፣ ሞቆ ሆስፒታል ደረሰ፤ እግዚአብሔር ይስጣት፣ አንዲት የመድኃኒት ክፍል ሠራተኛ ካርቶኑን ነክታ መለሰችው። ሲመረመር ጥያቄው ከአዲሱ ኮምፒዩተር ውስጥ የለም። ያወጣው ሰው ስም ደግሞ “አቢግያ” ይላል። “ጥፋቱ የእኔ ነው ብለሽ ትፈርሚያለሽ” ተብላ ያን ጥያቄ ይዛብኝ የመጣችው ያን ቀን ነው።

በማግስቱ ፍሥሐ ራሱ ወረቀቱን ይዞ ቤታችን መጣ። ሻይ ቀዳሁለት።

“እትዬ የሺ፣ ትምህርቱ እንዴት ነው? ዘንድሮ ፓርላማ ይገባሉ?” አለኝ እየሳቀ።

“ወረቀቱ ምን ይላል?”

“የቢሮ ነገር ነው፣ አይጨነቁ። ጥያቄውን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ተሳስቻለሁ ትላለች፤ ማስጠንቀቂያ ይጻፍላታል፤ አለቀ። እኔ እከላከልላታለሁ። እኔ ከተነካሁ ግን ለእሷ ማን አላት? የሥራ ፈቃዷስ?”

ይህን ሲል ቀና ብሎ አያየኝም፤ ስኳሩን ያማስላል። ደሜ ፈላ። ልጄን በገዛ ስሟ አስሮ፣ ፈቺዋም እኔ ነኝ ይላል!

“ለቅሶ ቤት ስትደውልላት አጠገቧ ነበርኩ” አልኩት።

“እትዬ የሺ፣ እናትን ማን ምስክር ብሎ ይሰማል?”

አቢግያ እስክሪብቶውን አነሳች። ወረቀቱን አየሁት፤ በትንንሹ ፊደል ነው የተጻፈው፣ ያንን ገና አልተማርኩም። እጄን ዘርግቼ ወረቀቱ ላይ አስቀመጥኩ።

“ፍሥሐ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። መድኃኒቱ በወጣበት ቀን ገብቶ ያየ ሰው አለ?”

“ምን ማለትዎ ነው?”

“ማቀዝቀዣው ውስጥ። ገብቶ ያየ ሰው አለ?”

“ሲስተሙ አራት ነው ብሎ...”

“ሲስተሙን አይደለም የጠየቅኩህ። ሰው።”

“እማ...” አለች አቢግያ ቀስ ብላ።

“ተይኝ! አለ ወይም የለም ይበለኝ። እስኪለኝ እጄን አላነሳም።”

ጠበቅኩ። ከውጭ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ እየጮኸ አለፈ። የፍሥሐ ስልክ ጠራ፤ አላነሳውም። ሻዩ በረደ። ቢሮው ውስጥ የፈለገውን መስመር ያወጣል፤ እኔን ግን ከቤቴ አያወጣኝም።

“የለም” አለ በመጨረሻ። “ማንም አልገባም።”

“ለምን አልገባም?”

አቢግያ እስክሪብቶውን መልሳ አስቀመጠች።

“ጋሼ፣ እኔ አልፈርምም። ፓስወርዴን የሰጠሁዎት ለሪፖርት ነው ብለውኝ ነው። እሱን ይጻፉልኝና እፈርማለሁ።”

ወረቀቱን ከእጄ ሥር መዝዞ አጠፈው። “አባትሽ ቢኖር ያፍርብሽ ነበር” አላት።

“አባቷ ቢኖር ሻይም አታገኝም ነበር” አልኩት። በሩን ሳይዘጋ ወጣ።

አቢግያ የሆነውን ሁሉ ጽፋ ለድርጅቱ አስገባች። “ደርሶናል” አሏት። ኮንትራቷ ሲያልቅ አላደሱላትም። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፦ እሷን ዋሽተሻል አላሏት፣ እሱንም ዋሽተሃል አላሉት። ዝም ብለው አሮጌውን ማሽን መልሰው ሰኩት። ጠዋት ጠዋት ይጠይቃል፣ ኑሬም ካፖርቱን ለብሶ ይገባል። እንግዲህ ጥያቄው ልክ ነበር ማለት ነው! ልክ ከነበረ ደግሞ ያገኘችውን ልጅ ለምን ሸኟት?

ብትፈርም ምን ይመጣባት እንደነበር አሁን አውቃለሁ፤ ሳትፈርም የመጣባት ያው ራሱ ነው፣ ከሥራ መውጣት። ስሟ ግን በራሷ እጅ አልተበላሸም።

ማሽኑ ቀረ። ኑሬ ቀረ። ፍሥሐም በኃላፊነቱ ቀረ። ልጄ ወጣች።