ከመጻሕፍቱ ጋር የተቀበረው ፊልም

አካፋው ቆርቆሮ ሲነካ ሽማግሌው ሬብ ፊሽል ዓይናቸውን ጨፈኑ። ይህን ጉድጓድ ከሠላሳ ዓመት በፊት ያስቆፈሩት ራሳቸው ናቸው። ያኔ ከምሥራቅ አውሮፓዋ ከተማ ከዛሞሽኔ የመጡ ስደተኞች ኒው ዮርክ ውስጥ ያቋቋሙት ምኩራብ አገልጋይ ነበሩ። ያረጁ የጸሎት መጻሕፍት የፈጣሪ ስም ስላለባቸው አይጣሉም፤ እንደ ሰው በክብር ይቀበራሉ፤ ይህም የእሳቸው ሥራ ነበር። አንድ ቀን ከቁም ሣጥን ሥር የፊልም ቆርቆሮ አገኙ። የጥቅልሉን ጫፍ ሳብ አድርገው ወደ መስኮቱ ቢያነሡት የተገለጠ የጸሎት መጽሐፍ ታያቸው፤ በገጹም ላይ ያ ስም። ሌላ አላዩም። ከመጻሕፍቱ ጋር ቀበሩትና ደግ ሥራ ሠራሁ ብለው ሲኮሩ ኖሩ። ምነው አንድ ክንድ ጨምረው በሳቡት ኖሮ!

ፍሬይድል የመጣችው ባለፈው ሳምንት ነው። ሥራዋ በይዲሽ፣ በአውሮፓ አይሁድ ቋንቋ፣ የተሠሩ የድሮ ፊልሞችን አፈላልጎ መጠገን ነው፤ የዚህኛውን አምስት ጥቅልል ጠግና ስድስተኛው ጎድሏት ነበር። እሱ የተቀረጸው እዚያው ዛሞሽኔ፣ በከተማዋ ምኩራብ፣ ነዋሪዎቹን አሰልፎ ነው። የስም ዝርዝራቸውን እያነበበች «ሰዓት ሠሪው ሌይዘር፣ ሦስተኛ ረድፍ» ስትል ሬብ ፊሽል ስለቀበሩት ቆርቆሮ ነገሯት። ሌይዘር አባታቸው ነበሩ። ፎቶ የሚባል ነገር የሚሸሹት ሰውዬ ለፊልም የቆሙት የምኩራቡ ጣሪያ ይታደስላችኋል ስለተባሉ ነው አሉ። ኋላ ጦርነቱ እሳቸውንም ከተማዋንም በላ፤ አንድ ምስል እንኳ አልቀረም። ልጃቸው ሬብ ፊሽልም፣ ለማንም አይናገሩት እንጂ፣ የአባታቸውን መልክ ከረሱ ቆይተዋል።

የምኩራቡ ረቢ ፈቀዱና ዛሬ መቃብሩ ተከፈተ።

«መጽሐፍ ሲቀበር አውቃለሁ፤ ሲነሣ ግን ዛሬ ገና ማየቴ ነው» አለ ቆፋሪው ላቡን እየጠረገ። «መሲሑ መጣ እንዴ፣ ሬብ ፊሽል?»

«አንተ አርፈህ ቆፍር!»

ፍሬይድል የዛገውን ክዳን ፈልቅቃ ከፈተችው። ውስጡ ቡናማ ዱቄት ሆኗል።

«አለቀ?» አሉ ሬብ ፊሽል።

«እርጥበት በልቶታል። ይቆዩ ግን...» ዱቄቱን በጣቷ ቀስ ብላ ገፋችው። ከመሐል የአንድ ክንድ ያህል ተርፏል። ወደ ፀሐይ አነሣችው። «ሰዎች አሉ» አለች፤ ድምፅዋ ግን ደስታ አልነበረበትም።

ሬብ ፊሽል መነጽራቸውን ወልውለው ተጠጉ። ነጭ የጸሎት ኩታ የተከናነቡ ወንዶች ወደ ምሥራቁ ግድግዳ ዞረው ቆመዋል። አንደኛ ረድፍ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ሁሉም ጀርባ ነው።

«መቃብር እንኳ ያላገኙ ሰዎች ነበሩ» አሉ ሬብ ፊሽል። «የተረፈቻቸውን ምስል እኔ በገዛ እጄ አፈር አለበስኳት።»

ሽማግሌው ሦስተኛውን ረድፍ ከዳር እስከ ዳር ደጋግመው አዩት። ከዚያ የፍሬይድልን እጅ ነካ አደረጉ።

«እስቲ ገልብጪው፣ ልጄ። ምናልባት በዚያ በኩል ፊታቸው ይታይ ይሆናል።»

ፍሬይድል በዚያም በኩል ያው ጀርባ እንደሆነ እያወቀች ገለበጠችላቸው።